እስከ ሰኞ ሆድ ይፍጀው

የአባቷ ስልክ ሮዳስ እጅ ላይ እያለ ጢን አለ።

«ማነው? አንብቢልኝ» አለ ዋቅጅራ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

መዝሙር የምትመርጠው እሷ ስለሆነች ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላ ወንበር፣ እሷ ዘንድ ነበር። መልእክቱን ከፈተችው። የላኩት እትዬ ከበቡሽ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ኅብረት መሪ። የተጻፈው በአማርኛ ነው። ሮዳስ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገች። አማርኛ ማንበብ የተማረችው እሑድ እሑድ ነው፤ ያውም እያኮረፈች። ፊደል በፊደል እየለቀመች ስለምታነብ ነገሩ የገባት በአንድ ጊዜ አይደለም።

«ወንድም ዋቅጅራ፣ የታደለች ወንድም ጋሽ ንጋቱ ዛሬ በድንገት ወደ ጌታ ሄደዋል። እባክህ አሁን እንዳትነግራት። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ቤታችሁ መጥተን እናረዳታለን። ስልኳን ከእጇ አርቅ።»

እናቷ ታደለች ፊት ወንበር ላይ ናት። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላ ሙዝ ትልጣለች። እግር ሰቅላ መቀመጥ ከመቼ ወዲህ እንደጀመረች እግዜር ይወቅ።

«ማነው ነው የምልሽ?» አለ ዋቅጅራ።

«ስፓም ነው» አለች ሮዳስ።

እናቷ ሳቀች። «ስፓምስ ቫኬሽን አይወጣም?»

የስምንት ዓመቷ ቲና ለምን እንደተሳቀ ሳይገባት አብራ ሳቀች። ሮዳስ ስልኩን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አጎቷን በአካል አይታው አታውቅም፤ በቪዲዮ ብቻ ነው የምታውቀው፤ እሱም ስልክ አያያዝ ስለማይችል ከግንባሩ በቀር የሚታይ ነገር የለም። «ሮዲ፣ ስንተኛ ወጣሽ?» ይላታል ሁልጊዜ። እሷ ትምህርት ቤት ደረጃ የሚባል ነገር የለም። ግን ደስ እንዲለው «አንደኛ» ትለዋለች፤ ግንባሩ ይሸበሸባል፣ ይስቃል ማለት ነው።

ሰሜን ጫፍ ያለችው ሜይን ግዛት ድረስ የመጡት በታደለች የተነሣ ነው። የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት ክፍል ካላንደር ተሰቅሏል። የኦገስት ገጽ ላይ ባሕሩን ተከትሎ የሚጠማዘዝ መንገድ አለ፤ ከመንገዱ በታች ደግሞ ከውኃው ቀጥ ብሎ የወጣ ሮዝ ዐለት። ታደለች ወሩ ሲያልቅ ገጹን ገንጥላ ቤት አመጣችው፤ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው፤ ሁለት ዓመት እዚያው ተቀመጠ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ነድቼ ድንጋይ ላይ? ድንጋይ አገር ቤት ሞልቶ የለ!» እያለ ዋቅጅራ ሲያሾፍባት ኖሮ፣ ዘንድሮ ሳትጠይቀው ሞቴል ያዘ። የኤርፖርት ታክሲ ሹፌር ነው፤ ሦስት ቀን አለመሥራት ለእሱ ቀላል አይደለም። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቫኬሽናቸው ይኸው ነው።

ነዳጅ ሊቀዱ ቆሙ። ዋቅጅራ ውኃ ሊገዛ ሲገባ ሮዳስ ተከተለችው። የቺፕስ መደርደሪያው አጠገብ ስልኩን ሰጠችው።

አነበበው። ኪሱ ከተተው፤ አወጣው፤ እንደገና አነበበው።

«አንብበሽዋል?»

«አዎ።»

«ስፓም ያልሽው ይሄን ነው?»

«ምን ልበል? እሷ እኮ እዚያው ናት!»

ዋቅጅራ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። «እሷን የዳረልኝ እሱ ነው» አለ። «በስልክም ቢሆን አባት ሆኖ ነው የዳረልኝ።» ከዚያ ፊቱን በእጁ ጠረገና ድምፁን ቀየረ። «ስሚ። ለቲና እንዳትነግሪያት፣ አፏ አያስችላትም።»

«ለእማዬስ?»

«ለእሷማ ጭራሽ። ነገ በጠዋት ሥራ ጠሩኝ ብዬ እንነሣለን። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ ይመጣሉ፤ እንደ ደንቡ ይነገራታል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ዛሬ ገና ሳተርዴይ ነው እኮ። ሁለት ቀን ልንዋሻት?»

«ውሸት አይደለም። መርዶ እንዲህ በዘፈቀደ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ይይዛታል፣ ይጸለያል። ብቻዋን፣ መንገድ ላይ፣ ማን አለን እዚህ?» በመስኮቱ ወደ መኪናው አየ። «ደግሞ ዛሬን ትደሰት። ይቺን አንዲት ቀን እንኳ ልተውላት። በይ ስልኳን ፎቶ ላንሳሽ ብለሽ ውሰጅና ኤርፕሌን ሞድ አድርጊው።»

መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፤ እጁ ላይ አራት አይስክሬም ይዟል።

«ዛሬ ምን ነካህ ሰውዬ?» አለች ታደለች አይስክሬሙን እየተቀበለች። «ትናንት ለቡና ስንት ጠየቁኝ ብለህ ስትነጫነጭ አልነበር?»

«ቫኬሽን ነው» አለ ዋቅጅራ።

ሮዳስ ፎቶ ላንሳሽ ብላ የእናቷን ስልክ ወሰደች። ምንም ሳትጠረጥር ሰጠቻት። የአውሮፕላኗን ምልክት ስትጫን ሌባ የሆነች መሰላት።

የባሕር ዳሩ መንገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት ጠባብ መንገድ ነው። በግራ ውኃው፣ በቀኝ ጥዱ። ዐለቶቹ በእርግጥም ሮዝ ናቸው፤ አንዳንዱ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስል ማዕዘን አለው፤ አንዳንዱ ተሰንጥቆ በስንጥቁ ውስጥ ባሕሩ ይገባል፣ ይወጣል። ታደለች በየመታጠፊያው «አቁም፣ አቁም!» ትላለች። ዋቅጅራ ያቆማል። አንድ ጊዜም እምቢ አላለም።

አሸዋማው ዳርቻ ላይ ወርደው ሲቆሙ አንድ ሸበቶ ሰው ከኋላቸው መጡ። «ይቅርታ፣ ሐበሻ ናችሁ?»

ነገሩ ከዚያ ወዲያ የታወቀ ነው፤ ሰላምታው አምስት ደቂቃ ፈጀ። ጋሽ አብዱልሰላም ይባላሉ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ የማትርቀው አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሆቴል ፓርኪንግ ሠርተው ዘንድሮ ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው እትዬ ዓሪፋ የደሴ ሰው ናቸው። ሽርሽሩን የከፈለው ልጃቸው ነው። እትዬ ዓሪፋ ወዲያው ከቦርሳቸው በፎይል የተጠቀለለ ሳምቡሳ አወጡ።

«የምስር ነው፣ አይዟችሁ፣ ብሉ» አሉ እየሳቁ።

«እኛ እኮ ለሳምቡሳ ሃይማኖት የለንም» አለች ታደለች፤ ሁሉም ሳቁ።

ሮዳስ ብቻ አልሳቀችም። ሳምቡሳውን ይዛ ቆመች። እናቷ ዛሬ ስታወራ አታቆምም። «ወንድሜ ሆሳዕና የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር» እያለች ነው። «ጡረታ ወጥቷል አሁን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞገድ ዐለት እንዴት እንደሚቦረቡር ሰሌዳ ላይ ሲሥል ኖሮ ባሕር የሚባል በዓይኑ አላየም። ዛሬ አንድ በአንድ ነው የማሳየው!»

«ማሻአላህ፣ ዕድሜ ይስጠው» አሉ ጋሽ አብዱልሰላም።

«አሜን!» አለች ታደለች።

ዋቅጅራ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ሮዳስ ሳምቡሳውን ሳትቀምሰው በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

ቀጥሎ የቆሙት ተንደር ሆል፣ የነጎድጓድ ጉድጓድ፣ የሚባለው ጋ ነው። ዐለቱ እስከ ውስጥ ድረስ ተሰንጥቋል፤ ሞገዱ ወደ ስንጥቁ ሲገባ አየሩ መውጫ ያጣና ቡምም ብሎ ይፈነዳል፤ ውኃው ወደ ላይ ይረጫል። ዐለቱ በጮኸ ቁጥር ቲና ትዘላለች። ታደለች ፀጉሯ ረጥቦ፣ የብረት አጥሩን ይዛ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ትስቃለች።

«ሮዲ! ስልኬን አምጪው፣ ለጋሼ ድምፅ ልላክለት!»

ሮዳስ ወደ አባቷ አየች። ዋቅጅራ አይሆንም በሚል ራሱን በትንሹ ነቀነቀ።

«ኔትወርክ የለም፣ ማሚ።»

«ይሁና፣ ልቅረጸው። ሲመጣ ይሄድለታል።»

ስልኩን ተቀብላ ወደ ስንጥቁ ዘረጋችው። «ጋሼ፣ ስማ እስቲ!» ቡምም አለ። «ሰማኸው? ያ ያስተማርከን ነው! አየሩ ታምቆ ነው አላልክም? ያኔ አላመንኩህም ነበር። ይኸው በጆሮህ ስማው። አይ ጋሼ፣ አብረን ብናየው!» ከዚያ ስልኩን መለሰችላት። «በይ ደግሞ ፎቶ አንሺኝ። እየሳቅኩ።»

ሮዳስ ስልኩን አነሣች። ቁልፉን ግን አልተጫነችውም። የተጫነች መስላ «ኦኬ» አለች።

ማንሣት ያቃታት ያቺ ሌላዋ ፎቶ ትዝ ብላት ነው። ቤታቸው፣ አልበም ውስጥ፣ ተገልብጣ የተቀመጠች ፎቶ አለች። ታደለች ናት፤ ሰማያዊ የሚዜ ቀሚስ ለብሳ፣ አበባ ይዛ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ስትስቅ። አሜሪካ በገባች በዓመቷ ነው። ያኔ የገዛ አባቷ ከሞተ ዐሥር ቀን ሆኖታል። የነርስ ረዳት ፈተና ስለነበራት ከፈተናው በኋላ ትስማ ተብሎ ሁሉም ደበቃት፤ ሙሽራዋ ታውቃለች፣ ፎቶ አንሺው እንኳ ያውቃል። ሦስት ሳምንት። ሮዳስ አንድ ቀን ፎቶዋን አግኝታ «ለምን ገለበጥሽው? ያምርብሻል እኮ» ስትላት እናቷ ቁጭ ብላ ነገረቻት። «አባቴ አፈር ገብቶ እኔ እልል እል ነበር። እያዩኝ። ማልቀሱ አይደለም የከፋኝ ሮዲ፤ እያዩኝ መሳቄ ነው። እስከ ዛሬ ከአንዳቸውም ጋር ከልቤ አልታረቅኩም።»

አሁን የምታያት እሷ ናት። እሷና አባቷ።

እናቷና ቲና ወደ መኪናው ሲወጡ ሮዳስ አባቷን በክንዱ ያዘችው። «አባዬ፣ እንንገራት። ናው። ፕሊዝ።»

«ጨርሰናል አላልኩሽም?»

«የሚዜዋን ፎቶ ታውቃለህ አይደል? ሰኞ ስትሰማ የዛሬውን ቀን ወደ ኋላ ትቆጥረዋለች። አይስክሬሙን፣ ሳምቡሳውን፣ ስልኩን የወሰድኩትን። ከእኛም ጋር አትታረቅም።»

ዋቅጅራ ፎቶዋን ያውቃታል። ያኔ ከደበቋት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር፤ ገና ሳይጋቡ፣ እጮኛዋ ሳለ። በአፏ ይቅር ያለችው እንኳ ስንት ወር አስለምናው ነው።

«አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «አውቃለሁ ልጄ። ግን ገደል አፋፍ ላይ ልትነግሪያት ነው? ብትወድቅብኝስ? ቲናን ማን ይይዛል? መኪናውን ማን ይነዳል? እኔ ራሴ…» የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ጨመቀ። «ሰው ያስፈልጋል ሮዲ። ለብቻ አይቻልም። ሰው ቢኖረኝ ኖሮ አሁን እነግራት ነበር።»

ወደ መኪናው ሄደ። ሮዳስ ተናደደችበት፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቷን በላት። አባቷ እንዲህ ሲፈራ አይታው አታውቅም።

ሦስተኛው ማቆሚያ ትልቁ ገደል ነው። ዐለቱ ከባሕሩ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አናቱ ላይ ጥዶች በቅለዋል፤ ከታች ነጭ አረፋ ይፈላል። ከጠርዙ ራቅ ብሎ፣ ከጥዶቹ ሥር፣ እንደ መደብ የተነጠፈ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ታደለች እዚያ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ከፈተች። ያቺን የካላንደር ገጽ አምጥታት ኖሯል፤ ከገደሉ ጋር አስተያየቻት።

«ይኸው ነው! እዩት፣ ይኸው ነው!» ከዚያ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «እልልልል!» አለች። በአጠገቧ የሚያልፉ ፈረንጆች ፈገግ አሉ። «ሮዲ፣ እየቀረጽሽ ነው? እልል ስል ቅረጪኝ፣ ለጋሼ!»

ሮዳስ ስልኩን ዝቅ አደረገች።

«ማሚ፣ መጣሁ» አለች። «እዚያው ተቀመጪ። እንዳትነሺ፣ እሺ?»

«ወዴት ነው? ቀርጸሽኝ ሂጂ እንጂ!»

ሮዳስ ዳገቱን ሮጣ ወጣች። መንገዱ አንድ ስለሆነ እነ ጋሽ አብዱልሰላም ከኋላ ከኋላቸው እየመጡ ነበር፤ አሁንም መኪናቸውን ገና ማቆማቸው ነው። እትዬ ዓሪፋ መነጽራቸውን እየፈለጉ ነበር። ሮዳስ ፊታቸው ቆመች። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ሊመጣላት ሲል ተወችው፤ በዚህኛው ቋንቋ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

«እትዬ ዓሪፋ» አለች። «የእናቴ ወንድም፣ ያ አስተማሪው፣ ሞቷል። ዛሬ ነው የሰማነው። እሷ አታውቅም። አባቴ ሰኞ፣ ቤት ስንገባ ነው የሚነገራት ይላል፣ እዚህ ሰው የለንም ብሎ። እኔ ግን አሁን ልትሰማ ይገባል ብዬ… እንደማታውቁን አውቃለሁ። እርስዎ… ትመጡልናላችሁ? ለመያዝ ብቻ። ሌላ ምንም አታደርጉም።»

ይህን ያህል አማርኛ በአንድ ትንፋሽ ተናግራ አታውቅም።

ጋሽ አብዱልሰላም «ኢና ሊላሂ» አሉ በዝግታ፣ ባርኔጣቸውንም አወለቁ። እትዬ ዓሪፋ ቦርሳቸውን መኪናው ውስጥ ወርውረው በሩን ዘጉ።

«አባትሽ ሰው የለንም አለ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኛ ምንድን ነን? ዛፍ ነን?» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር። የሮዳስን እጅ ያዙ። «ነይ። አንቺ በቀኝ ሁኚ፣ እኔ በግራ። አብዱልሰላም ትንሿን ልጅ ይያዝ። ከገደሉ ራቅ ብላ ነው የተቀመጠችው?»

«ራቅ ብላ ነው። ከዛፎቹ ሥር።»

«ጎበዝ።»

ወረዱ። ዋቅጅራ ከሩቅ አያቸው። ሮዳስ ይቆጣኛል ብላ ነበር፤ ትከሻው ግን ወረደ፣ ለረጅም ጊዜ ሸክም ተሸክሞ የነበረ ሰው እንደሚያወርደው። ፈጠን ብሎ ሄደና ከሚስቱ ኋላ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ አብዱልሰላም ቲናን «ነይ እስቲ፣ ያቺን መርከብ አሳይሻለሁ» ብለው በእጇ ያዟት፤ ራቅ አሉ፣ ብዙም አልራቁም።

ታደለች እንግዶቹን ስታይ ፈገግ አለች። «መጣችሁ! ኑ ተቀመጡ፣ ቦታው ሰፊ ነው…» ከዚያ አካሄዳቸውን አየች። እጃቸውን አየች። ባሏ ለምን ከኋላዋ እንደተቀመጠ ዞር ብላ አየችው። የአገሯ ሰው ናት፤ መርዶ ልታረዳ እንዲህ ሆና ወደ ሌላ ሰው ቤት ስንት ጊዜ ሄዳለች።

ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ማነው?» አለች።

ዋቅጅራ አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣውም። እትዬ ዓሪፋ በግራዋ ተቀምጠው ክንዳቸውን በወገቧ አዞሩ። ታች ባሕሩ ገደሉን መታው፤ ማንም ወደዚያ አላየም።

ሮዳስ ከእናቷ ቀኝ ተቀመጠችና ሁለቱንም እጆቿን ያዘች። ሙዝ ሙዝ ይሸታሉ።

«እኔ ልንገርሽ፣ እማዬ» አለች።